ያየውን የጻፈ ሰው፦ የበዓሉ ግርማ ሕይወትና ሥራ

የማኅበራችን ዓመታዊ መጽሔት አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ አንድ የታወቀ ሰው ሕይወት እንድጽፍ በጠየቀኝ ጊዜ፥ ከእኔ ይጠበቅ የነበረው የአንድ መሐንዲስ ታሪክ እንደ ነበረ አልጠፋኝም። በላሊበላ ተቀምጦ ለመሐንዲሶች የሚጽፍ ሰው ርእስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻውም፤ ከላይ ወደ ታች፥ ከጣሪያ ወደ መሠረት የተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት ብቻቸውን የብዙ ዓመታት መጽሔት ይሞላሉ። ይሁንና እኔ የመረጥሁት ድንጋይ ያልፈለፈለ፥ ድልድይ ያልዘረጋ፥ መንገድ ያልቀየሰ ሰው ነው። እርሱም ደራሲው በዓሉ ግርማ ነው። የመረጥሁበትን ምክንያት በጽሑፌ መጨረሻ እገልጻለሁ፤ አንባቢው የሰውየውን ሕይወት እስከ ፍጻሜው ከተከተለ ግን እኔ ሳልናገር ይደርስበታል ብዬ አምናለሁ።

በዓሉ ግርማ የተወለደው በ1930ዎቹ መባቻ በኢሉባቦር፥ ሱጴ በተባለች ስፍራ ነው። አባቱ ለንግድ ወደ አገራችን የመጡ ሕንዳዊ፥ እናቱ የዚያው አገር ተወላጅ ነበሩ። በዚያ ዘመን የኢሉባቦር ቡና ከጎሬ ወደ ጋምቤላ እየወረደ በባሮ ወንዝ በመርከብ ወደ ሱዳን ይጫን ስለ ነበረ፥ የውጭ አገር ነጋዴ በዚያ ደን መካከል መታየቱ እንግዳ ነገር አልነበረም። ሕፃኑ በልጅነቱ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በልዕልት ዘነበወርቅ ትምህርት ቤት ተማረ፤ ቀጥሎም በጄኔራል ዊንጌት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባ። በአዲስ አበባ የከፍተኛ ትምህርቱን ተከታትሎ የመጀመሪያ ዲግሪውን ካገኘ በኋላ፥ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ከሚሺገን ስቴት ዩኒቨርስቲ በጋዜጠኝነትና በፖለቲካ ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪውን ይዞ ተመለሰ። ሰው በርስቱና በትውልዱ በሚመዘንበት በዚያ ዘመን የበዓሉ መሰላል ትምህርት ብቻ ነበረ ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ወደ አገሩ ሲመለስ የተሰማራበት ሙያ ጋዜጠኝነት ነው። በ«መነን» መጽሔት፥ በ«አዲስ ሪፖርተር»፥ በእንግሊዝኛው «ኢትዮጵያን ሄራልድ» እና በ«አዲስ ዘመን» በአዘጋጅነት ሠርቷል። በዚያን ጊዜ ዕለታዊ ጋዜጣ ሁሉ በመንግሥት እጅ ስለ ነበረ፥ መጻፍን እንጀራው ያደረገ ወጣት ከማስታወቂያ ሚኒስቴር በቀር የሚያንኳኳው ደጅ አልነበረውም። በዓሉም በዚህ ሥራ ሁለት ነገሮችን ቀሰመ። አንደኛው አጭርና ግልጽ አጻጻፍ ነው፤ ይህም በኋላ በልብ ወለዶቹ ውስጥ ጎልቶ ታይቷል። ሁለተኛው ደግሞ በአንድ ጋዜጣ ቢሮ ውስጥ በሚታወቀው ነገርና በማግሥቱ በሚታተመው ነገር መካከል ያለው ርቀት ነው።

ይህ ርቀት ምን ያህል ሊሰፋ እንደሚችል የወሎ ሰው ከማንም ይበልጥ ያውቃል። በ1965 ዓ.ም. ረኃብ ወሎን ሲፈጅ፥ ገበሬው ቤቱን ዘግቶ ወደ አውራ ጎዳና ሲወጣ፥ በመንገድ ዳር ሲወድቅ፥ የአገሪቱ ጋዜጦች ነገሩን እንዳልሆነ አድርገው ወራት አሳለፉ። የዓለም ሕዝብ ጉዳዩን በስፋት የተረዳው በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያነሣው ፊልም በለንደን ቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነው። በዓሉ በዚያን ጊዜ ከመንግሥት ጋዜጠኞች አንዱ ነበር። ይህን የማነሣው ሰውየውን ለመክሰስ አይደለም፤ በዚያ ወንበር የተቀመጠ ሁሉ የሚያልፍበት ወንፊት አንድ ነበርና። ነገር ግን የአንድን ሰው ሕይወት የሚጽፍ ሰው የሚያስመሰግነውን ብቻ መርጦ መጻፍ አይገባውም። በዓሉ የመንግሥትን ቃል በመንግሥት ጋዜጣ ሲያትም የኖረ ሰው ነበር፤ የኋለኛው ሥራው ክብደትም የሚታወቀው ይህን ስናስታውስ ነው።

የልብ ወለድ ሥራው የጀመረው በ1962 ዓ.ም. በታተመው «ከአድማስ ባሻገር» ነው። የመጽሐፉ ዋና ባለ ታሪክ አበራ ወርቁ የመንግሥት ሠራተኛ ሲሆን፥ ልቡ ግን በሥዕል ፍቅር የተያዘ ወጣት ነው። ቤተ ዘመድ በአንድ ወገን ትዳር እንዲይዝና ኑሮውን እንዲያደላድል ይጎተጉተዋል፤ በሌላው ወገን የሥዕል ሸራው ይጠራዋል። ከዚህ መጽሐፍ አራት ዓመት ቀደም ብሎ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የጎጃምን ገጠርና የባላባቱን ዓለም በሰፊው ገልጦ ነበር፤ በዓሉ ደግሞ ፊቱን ወደ አዲስ አበባ፥ ወደ ቢሮው፥ ወደ ቡና ቤቱና ወደ ተማረው ወጣት ጭንቀት መለሰ። ንግግሩ የከተማ ሰው ንግግር ነው፤ ትረካው ፈጣን ነው፤ ምክርና ተግሣጽ አያበዛም። በዚህም ምክንያት ወጣቱ አንባቢ ራሱን በመጽሐፉ ውስጥ አገኘ።

በ1966 ዓ.ም. ያሳተመው «የሕሊና ደወል» ወደ ትውልድ አገሩ የተመለሰበት ሥራ ነው። ሐዲስ ሣህለ የተባለ ወጣት መምህር ወደ ኢሉባቦር፥ ወደ ሱጴ ይሄዳል፤ በዚያም ትምህርት ቤት እንዲሠራ ሕዝቡን ለማስተባበር ይደክማል። ለእኛ ለመሐንዲሶች ይህ ታሪክ የቅርብ ነው፤ ድንጋዩን ከማቅረብና ጣሪያውን ከመምታት ይልቅ ሰውን በአንድ ሐሳብ ማቆም የቱን ያህል ከባድ እንደሆነ በገጠር ሥራ ላይ የዋለ ሁሉ ያውቀዋልና። ደራሲው ይህን መጽሐፍ እንደገና አሻሽሎ በ1975 ዓ.ም. «ሐዲስ» በሚል ርእስ አወጣው። አንድን ሥራ ካሳተመ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ መልሶ የሚያፈርስና የሚገነባ ደራሲ ለሙያው ያለውን ጥንቃቄ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

አብዮቱ ሲፈነዳ በዓሉ ከሥራው አልራቀም፤ እንዲያውም በማዕርግ ከፍ አለ። የማስታወቂያና መርሐ ብሔር ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ ሆኖ ተሾመ። ጋዜጣው፥ ሬዲዮው፥ ቴሌቪዥኑና የዜና አገልግሎቱ የሚመሩት ከዚህ መሥሪያ ቤት ነበረ። በ1972 ዓ.ም. ሁለት መጻሕፍት አወጣ። «የቀይ ኮከብ ጥሪ» አብዮቱንና በዘመኑ ወጣቶች መካከል የተነሣውን መከፋፈል የሚተርክ ሲሆን፥ ደራሲው በአብዮቱ ዓላማ ላይ የነበረውን ተስፋ ያሳያል። «ደራሲው» ደግሞ ሲራክ ስለተባለ ጸሐፊ ኑሮና ጭንቀት የሚናገር ነው፤ አንባብያንም ከሲራክ ጀርባ የደራሲ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን መልክ አይተዋል። ከዚህ ላይ አንድ ልማዱን ልብ ማለት ያስፈልጋል። በዓሉ ባለ ታሪኮቹን ከሚያውቃቸው ሰዎች መካከል ይወስድ ነበር። ይህ ልማድ በ«ደራሲው» ዘመን ወዳጅን ከማስገረም ያለፈ ጉዳት አላመጣም፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ዋጋው ሌላ ሆነ።

በ1974 ዓ.ም. የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻ በኤርትራ ተጀመረ። የአገሪቱ መሪ ከከፍተኛ ባለ ሥልጣኖቻቸው ጋር ወደ አስመራ ሄደው የዘመቻውን ሥራ ከዚያ ሆነው ይመሩ ጀመር። ዘመቻው ሁለገብ የተባለው የጦር ኃይል ብቻ ስላልነበረ ነው፤ በጦርነቱ የተጎዱ ፋብሪካዎችን፥ መንገዶችንና የአገልግሎት ተቋሞችን መልሶ ማቋቋምም ከዓላማው አንዱ ነበረ። የመጨረሻው ግብ ግን ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ በሻዕቢያ እጅ የነበረችውን ናቅፋን መያዝ ነበር። በዓሉ የዘመቻውን የቅስቀሳና የማስታወቂያ ሥራ እንዲያካሂዱ ከተላኩት ኃላፊዎች ዋነኛው ሆኖ ወደ አስመራ ሄደ። የተሰጠው ተግባር ለሕዝቡ የድሉን ዜና ማብሠር ነበር። ድሉ ግን አልመጣም። ያን ያህል ሠራዊት፥ ያን ያህል መድፍና አውሮፕላን ተሰልፎ፥ ያን ያህል የሰው ሕይወት ከሁለቱም ወገን ጠፍቶ፥ የናቅፋ ተራራ ሳይያዝ ቀረ።

እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ በመሥሪያ ቤት ያለ ሰው የሚያደርገውን ሁላችንም እናውቃለን። የተገኘው ውጤት በሪፖርቱ ይዘረዘራል፤ ያልተገኘው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል፤ መዝገቡም ይዘጋል። በዓሉ ሥልጣንም፥ ደመወዝም፥ ቤተሰብም የነበረው ሰው ነው፤ ዝም ቢል የሚጠይቀው አልነበረም። እርሱ ግን ያየውን በልብ ወለድ መልክ ጻፈው። ያሳተመውም በስውር ወይም በባዕድ አገር ሳይሆን፥ በመንግሥቱ የማተሚያና የማሳተሚያ ሥርዓት አሳልፎ፥ በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት በኩል፥ በገዛ ስሙ ነው። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ወጣ። ርእሱም «ኦሮማይ» ተባለ። ቃሉ ከጣልያንኛ ወደ አስመራ ሰው አንደበት የገባ ሲሆን፥ ከእንግዲህ አበቃ፥ አለቀ፥ አከተመ እንደ ማለት ነው።

የመጽሐፉ ባለ ታሪክ ፀጋዬ ኃይለማርያም እንደ ደራሲው ጋዜጠኛ ነው፤ እንደ ደራሲው ለዘመቻው ቅስቀሳ ወደ አስመራ ይላካል። በአዲስ አበባ እጮኛውን ሮማንን ትቶ ይሄዳል፤ በአስመራ ደግሞ ፊያሜታ ጊላይ ከተባለች ወጣት ጋር በፍቅር ይወድቃል። በዚህ የፍቅር ታሪክ ዙሪያ የስለላው ሥራ፥ የባለ ሥልጣኖቹ ስብሰባና ፉክክር፥ የአስመራ ሕዝብ ፍርሃትና ጨዋታ፥ በመጨረሻም የናቅፋው ግንባር ይተረካል። የመጽሐፉ ኃይል ጠላትን ሰው አድርጎ ማሳየቱ ነው፤ የመጽሐፉ አደጋም ይኸው ነበረ። በተራራው ላይ የሚሞተው ወጣት በየትኛውም ወገን ቢሰለፍ ለአንባቢው ያሳዝነዋል፤ በቢሮ ተቀምጦ የሚያዝዘው ሹም ደግሞ ትልቅነቱም ትንሽነቱም አብሮ ይታያል። አንባቢው የሹማምንቱን መልክ ለመለየት ጊዜ አልፈጀበትም፤ ሹማምንቱም ራሳቸውን ለመለየት አልዘገዩም።

መጽሐፉ ለሽያጭ በወጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከየመደብሩ እንዲሰበሰብ ተደረገ። በዓሉም ከሥልጣኑ ተባረረ። ለፍርድ ቤት አልቀረበም፤ በአደባባይ የተነገረ ክስም አልነበረም። አስቀድመው የተሸጡት ጥቂት ቅጂዎች ግን በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ ይዞሩ ጀመር፤ የተዋሰው ሰው ሌሊቱን ሲያነብ አድሮ ለሚቀጥለው ያስተላልፍ ነበር። እንዲህ ሆኖ ጥቂት ወራት አለፉ። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. በዓሉ ግርማ በቮልስዋገን መኪናው ከቤቱ ወጣ፤ ተመልሶም አልገባም። መኪናው በቃሊቲ በኩል በመንገድ ዳር ቆሞ ተገኘ። ባለቤቱና ልጆቹ ደጃፉን እያዩ ዓመታት ቆጠሩ። መንግሥት ተለውጦ፥ የቀድሞዎቹ ባለ ሥልጣኖች ለፍርድ ከቀረቡም በኋላ፥ አስከሬኑ የት እንደ ወደቀ ለቤተሰቡ የነገራቸው የለም። በአገራችን ልማድ ሐዘንተኛ የሚቀመጠው መርዶ ሲነገረው ነው፤ ለዚህ ቤት ግን መርዶ የሚነግር አልመጣም።

በዓሉ በዚህ መንገድ የመጀመሪያው ሰው አልነበረም። በአገራችን አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. ያሳተመው «አልወለድም» ታግዶበት፥ እርሱም ወደ ኢሉባቦር ተግዞ ነበር። ወደ ውጭ ስንመለከት ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ከበዓሉ ጋር የሚመሳሰለው ሩሲያዊው ኢሳቅ ባቤል ነው። ባቤል በ1920 እ.ኤ.አ. ቀይ ፈረሰኛ ጦር ከፖላንድ ጋር ሲዋጋ በጋዜጠኝነት አብሮ ዘምቶ ነበር። ከዘመቻው ሲመለስ ያየውን ጀግንነትና ያየውን ጭካኔ ሳይለይ በአጫጭር ልብ ወለዶች ጻፈ። የጦሩ አዛዥ የነበረው ቡድዮኒ ሠራዊቴን አዋረደ ብሎ በ1924 እ.ኤ.አ. በአደባባይ ወረደበት። ባቤል በግንቦት 1939 እ.ኤ.አ. ተያዘ፤ በጥር 1940 እ.ኤ.አ. ተረሸነ። ቤተሰቡም እውነቱን ሳያውቅ ለብዙ ዓመታት ተታለለ። ሁለቱም ከዘመቻው ጋር የዘመቱ እንጂ ከዘመቻው ውጭ ቆመው የወቀሱ አልነበሩም፤ ያስቀጣቸውም ይኸው ከውስጥ ማየታቸው ነው።

ሌላም የሚያስገርም መገጣጠም አለ። የፊዚክስና የሒሳብ ተማሪ፥ በኋላም የመድፈኛ መኮንን የነበረው አሌክሳንደር ሶልዠኒትሲን ከሶቪየት ኅብረት በአውሮፕላን ተጭኖ የተባረረበት ቀን በእኛ አቆጣጠር የካቲት 6 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው። በዓሉ ከተሰወረበት ቀን ጋር ሲቆጠር ልክ አሥር ዓመት ይሆናል። ሶልዠኒትሲን በስደት ሃያ ዓመት ቆይቶ በ1994 እ.ኤ.አ. ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በ2008 እ.ኤ.አ. አርጅቶ በገዛ አገሩ ሞተ። የሶቪየት መንግሥት በዚያን ጊዜ የዓለምን ዓይን ፈርቶ ነበር። ለበዓሉ ግን በውጭ አገር የሚጮህለት አልነበረም፤ የጻፈው በአማርኛ ነበር፤ አማርኛ የሚያነበው ሕዝብ ደግሞ አፉን ይዞ ነበር።

አሁን ወደ ላስታ እመለሳለሁ፤ የዚህ ሰው ታሪክ ከእኛ ደጋ ጋር የሚገናኝበት ቦታ አለና። በዓሉ በየካቲት ተሰወረ። በዚያው ዓመት የበልግ ዝናብ ሳይጥል ቀረ። በሰሜን ወሎ ደጋ የበልግ አዝመራ ማጣት ምን ማለት እንደሆነ ለአገሩ ሰው አይነገረውም፤ ከዚያ አስቀድሞም ተከታታይ መጥፎ ዓመታት ጎተራውን አራቁተውት ነበር። በመጋቢት 1976 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ለለጋሾች የማስጠንቀቂያ ጥሪ አቀረበ። መንግሥት ግን በዚያን ጊዜ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመትና የኢሠፓን ምሥረታ ለማክበር ዝግጅት ላይ ነበረ። አደባባዮች አጌጡ፤ ሐውልቶችና ቅስቶች ተተከሉ፤ በመስከረም 1977 ዓ.ም. ክብረ በዓሉ በታላቅ ድምቀት ተከበረ። የላስታና የዋግ ገበሬ በዚያው ወር ልጆቹን እየጎተተ፥ የደከሙትን በመንገድ እየተወ፥ ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ወደ ነበረችው ወደ ኮረም ይጓዝ ነበር። ጋዜጣው ዝም አለ፤ ሬዲዮውም ስለ ሰልፉ ተናገረ። የዓለም ሕዝብ የኮረምን ሜዳ ያየው በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የመሐመድ አሚን ካሜራና የማይክል በርክ ዘገባ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲቀርብ ነው።

አንድ ደራሲ ቢሰወርና አንድ ክፍለ ሀገር ቢራብ፥ አንዱ ሌላውን አመጣው ማለት አይቻልም። ድርቁን ያመጣው ሰማዩ ነው፤ ጦርነቱም የበኩሉን ጨምሯል። ነገር ግን ሁለቱን አንድ ልማድ ያስተሳስራቸዋል። ከበላይ የታቀደው ነገር ካልተሳካ፥ አልተሳካም ብሎ የሚናገረው ሰው እንደ ጠላት ይቆጠራል። በዓሉን ያህል የመንግሥት ሰው፥ በዓሉን ያህል በማዕርግ ከፍ ያለ ባለ ሥልጣን፥ ስላየው ነገር በመጻፉ ምን እንደ ደረሰበት የአገሪቱ ጸሐፊና ሹም ሁሉ አይቶ ነበር። ከዚህ በኋላ በአንድ አውራጃ ቢሮ የተቀመጠ ሰው ሕዝቡ እያለቀ ነው ብሎ ለመጻፍ ብዕሩን ሲያነሣ እጁ ቢከብደው ማን ይፈርድበታል?

ታሪኩ በዚህ አያበቃም። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ የተነሡ ብዙ ሺህ ሰዎች በሠፈራ ፕሮግራም ወደ ምዕራብ ተጓዙ፤ ከመድረሻቸውም አንዱ ኢሉባቦር፥ የበዓሉ የትውልድ አገር ነበረ። በደጋ ብርድ ገብስ ሲያበቅል የኖረ ገበሬ በማያውቀው ደን፥ በማያውቀው ወባ መካከል ወረደ። ብዙዎቹ አለቁ፤ ብዙዎቹ ሸሽተው በእግራቸው ተመለሱ፤ የቀሩትም በዚያ ልጅ ወለዱ። እንዲህ ሆኖ የመጽሐፉ ሐዲስ ሣህለ ትምህርት ቤት ሊያሠራ የደከመበት የኢሉባቦር ምድር ለወሎ ልጆችም የትውልድ ቦታ ሆነ። ደራሲው ይህን ለማየት አልደረሰም።

«ኦሮማይ»ን ያገደው መንግሥት በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደቀ። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ በመጋቢት 1980 ዓ.ም. በአፍአበት የነበረው ጦር ተሸንፎ ነበር። በርእሱ ላይ የታተመው ቃል፥ ደራሲውን ያስቀጣው ቃል፥ በስምንት ዓመት ውስጥ እውነትነቱ በጦር ሜዳ ተረጋገጠ። መጽሐፉ ከመንግሥቱ ለውጥ በኋላ በነጻነት ታትሞ ተሸጠ፤ ደጋግሞም ታተመ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በለንደንና በኒውዮርክ ለአንባብያን ቀረበ። በዓሉን ለማሳደድ የተሰማሩት ሰዎች ስም ከጥቂት የታሪክ ተመራማሪዎች በቀር የሚያስታውሰው እየጠፋ ነው፤ ፀጋዬንና ፊያሜታን ግን በአስመራም በአዲስ አበባም የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነው።

በመጀመሪያ የገባሁትን ቃል አሁን እፈጽማለሁ። እኔ የተወለድሁት በዓሉ ከተሰወረ በኋላ ነው፤ «ኦሮማይ»ንም ያነበብሁት ማንም ሳይከለክለኝ፥ በተማሪነቴ ነው። ያን ጊዜ የተከተልሁት የፍቅሩን ታሪክ ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ያነበብሁት ግን በሥራ ላይ ሳለሁ፥ ከአንድ ስሕተቴ በኋላ ነው። በላስታ ደጋ ላይ በሚሠራ አንድ መንገድ ከተቆጣጣሪዎቹ አንዱ ነበርሁ። ከመንገዱ በላይ ያለው ቁልቁለት እየተንቀሳቀሰ መሆኑን በተከልናቸው ችካሎች ለተከታታይ ሳምንታት ለክተን አውቀን ነበር። በወርኃዊው ሪፖርት ላይ መሬቱ እየተንሸራተተ ስለሆነ ሥራው ይቁም ብዬ ጻፍሁ። የምረቃው ቀን ቀርቧል፥ ይህ ቃል በላይ አካል ዘንድ ሁከት ያስነሣል፥ ክትትል ያስፈልገዋል ብለህ ለውጠው ተባልሁ። ለወጥሁት። ማንም አላስፈራራኝም፤ ማንም ከሥራ አባርርሃለሁ አላለኝም። በክረምቱ አጋማሽ ቁልቁለቱ ወረደ፤ ከመንገዱ ሰፊውን ክፍል ይዞ ወደ ገደሉ ገባ። ሌሊት ስለ ነበረ ሰው አልተጎዳም። ያዳነን ሌሊቱ እንጂ ሪፖርቴ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ መጽሐፉን ሳነብ ያሰብሁት ስለ ደራሲው ድፍረት ብቻ አልነበረም፤ ስለ እኔ ዋጋ ትንሽነትም አሰብሁ። በዓሉ እውነቱን ሲጽፍ የከፈለው ሕይወቱን ነው። እኔ ያን ቃል ሳልለውጥ ብተወው የምከፍለው የአንድ አለቃ ፊት መጥቆር ነበር። እኛ የዚህ ማኅበር አባላት የምንጽፈው ልብ ወለድ አይደለም፤ የኮንክሪት ናሙና ጥንካሬ፥ የአፈር ምርመራ ውጤት፥ የድጋፍ ግንብ ስንጥቅ ስፋት ነው። ሆኖም በየመሥሪያ ቤታችን ያለው ፈተና በዓይነቱ ያው ነው። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት የፈለፈሉት ጠራቢዎች ድንጋዩ መሐል ስንጥቅ ሲገጥማቸው ቅያሳቸውን እንደ ድንጋዩ ጠባይ ማስተካከል ነበረባቸው፤ የተቆረጠ ድንጋይ ተመልሶ አይቀጠልምና። ዛሬም ከአብያተ ክርስቲያናቱ ፊት ቆመን ስንጥቁን የምንለካው እኛ ነን።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ በአንድ ሐሳብ ልዝጋ። በማኅበራችን አባላት የሚዘጋጅ ማንኛውም የቁጥጥር ሪፖርት፥ ልኬቱን የወሰደው ባለሙያ የጻፈው ቃል ሳይለወጥ የሚያያዝበት አንድ ገጽ ይኑረው፤ የበላይ ኃላፊው የተለየ አስተያየት ካለው ከሥሩ ይጻፍ፥ የሁለቱም ፊርማ ይስፈርበት። ይህ ለሥራ አመራሩ ኮሚቴ የማቀርበው ሐሳብ ነው፤ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ እንዲታይልኝ እጠይቃለሁ። የበዓሉን መጻሕፍት ያላነበቡ ወጣት አባላት ካሉም በ«ሐዲስ» እንዲጀምሩ፥ በ«ኦሮማይ» እንዲጨርሱ እመክራለሁ። ሰውየው አበባ የሚኖርበት መቃብር የለውም። ልናስበው የምንችለው በማንበብና ያየነውን ልኬት እንዳየነው በመጻፍ ነው።